በሙድል ላይ ለብዙ ኮርሶች የሚያገለግል ቴምፕሌት፦ ምን ይካተት፣ ምንስ ይቅር?

ጥያቄ — የትምህርት ክፍል አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ።

በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ክፍላችን የሚሰጡ 14 ኮርሶች በሙድል (ኮርስ በኢንተርኔት ለመስጠት በሚያገለግል ሶፍትዌር) ላይ እንዲዘጋጁ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእኔ ነው። ጥቂት መምህራን ሙድልን በደንብ ያውቁታል፤ አብዛኞቹ ግን ፒዲኤፍ ከመጫንና ማስታወቂያ ከመለጠፍ ያለፈ ነገር አልሞከሩበትም። እያንዳንዱ መምህር ከባዶ እንዳይጀምር በማሰብ፣ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ኮርስ መርጬ ለሌሎች 3 ኮርሶች እንዳለ ገልብጬ ሰጠሁ። መምህራኑ ይዘቱን እየቀየሩ ይጠቀሙበታል የሚል ሐሳብ ነበረኝ።

ውጤቱ እንዳሰብኩት አልሆነም። በኮርሱ መግቢያ ላይ የቀድሞው መምህር ስልክ ቁጥርና የቢሮ ሰዓት ሳይቀየር በመቅረቱ ተማሪዎች እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ለእሳቸው ሲደውሉ ቆዩ። በሌላው ኮርስ ውስጥ ያለ የንባብ ሊንክ ደግሞ ተማሪውን ወደ አሮጌው ኮርስ እየወሰደ መግባት እንደማይፈቀድለት ይነግረዋል። ከሁሉም የከፋው በኩዊዝ ላይ የደረሰው ነው። መምህሩ በመመሪያው ላይ «ዓርብ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው» ብለው ጻፉ፤ የመዝጊያ ሰዓቱን በሙድሉ ላይ ሲያስገቡም 12ን መረጡ። በሙድል 12 ማለት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ሊፈተኑ የገቡ ተማሪዎች ኩዊዙን ተዘግቶ አገኙት። አንዲት ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥታ የስልኳን ስክሪን እያሳየችኝ «መመሪያው 12 ይላል፤ አሁን ገና 8 ሰዓት ነው» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። ኩዊዙ በማግስቱ እንደገና ተከፈተ፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ በኦንላይን የሚሰጥ ማንኛውንም ነገር በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ፤ እኔን እጅግ ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

አሁን በትክክል ለመሥራት እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለሁሉም ኮርስ የሚያገለግል ቴምፕሌት፣ ማለትም ለማባዛት የሚሆን ናሙና፣ ስናዘጋጅ በውስጡ ምን መኖር፣ ምን መቅረት አለበት? ሁለተኛ፣ በሙድል ላይ በየትኛው መንገድ ቢባዛ ነው እንዲህ ያለው ስሕተት የማይደገመው?

መልስ — የሙድል አድሚን

ውድ አስተባባሪ፣ የገጠመዎት ነገር ብዙዎቻችን ያለፍንበት ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ።

ሲማሩበት የቆየ ኮርስ ለቴምፕሌትነት አይመችም። በውስጡ ለአንድ መምህር፣ ለአንድ ሴሚስተርና ለአንድ የተማሪ ቡድን ብቻ የተጻፉ ነገሮች ለሁሉም ከሚያገለግሉት ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ፤ የትኛው እንደሚቀየርና የትኛው እንደሚቆይ ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማንም ተማሪ የማይመዘገብበት ራሱን የቻለ ኮርስ ይክፈቱ፤ እኛ «አብነት ኮርስ» እንለዋለን። ለተማሪ በማይታይ ምድብ ውስጥ ያስቀምጡትና የማረም ፈቃድ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አይስጡበት።

በአብነቱ ውስጥ የሚገባው መምህራኑ ሁሉ በየሴሚስተሩ ደግመው ደጋግመው የሚጽፉት ነገር ነው፦ የኮርሱ መግቢያ አቀማመጥ፣ የሳምንቱ ቅደም ተከተል፣ ስለ ኩረጃና ስለ ዘገየ አሳይንመንት የትምህርት ክፍሉ የደነገገው ደንብ፣ የአሳይንመንት መመሪያ አጻጻፍ፣ የኩዊዝ ቅንብር። መምህሩ ራሱ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ደግሞ ባዶ መሆኑ በግልጽ እንዲታይ ሆኖ ይቀመጥ። በእኛ ዘንድ መሞላት ያለበት ቦታ ሁሉ «ይሞላ፦» በሚል ቃልና በቢጫ ቀለም ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ይሞላ፦ የመምህሩ ስም፣ የቢሮ ቁጥርና ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት»። የእውነተኛ ሰው ስልክ ለምሳሌ ያህል እንኳ ከተጻፈ እንደሚረሳ ከእርስዎ ታሪክ አይተናል፤ ባዶና ቢጫ የሆነ ቦታ ግን ማንም ሰው ሳያየው አያልፍም።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቴምፕሌቱ ሲባዛ የተጠቃሚ መረጃ አብሮ እንዳይሄድ ማድረግ ግዴታ ነው። ሙድል ግን በፎረም (በውይይት መድረክ) ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ፣ በግሎሰሪ (በቃላት መፍቻ) የገባን ቃልና በዊኪ (በጋራ በሚጻፍ ገጽ) ላይ የተጻፈን ገጽ ሁሉ የሚቆጥረው እንደ ተጠቃሚ መረጃ ነው፤ መምህሩ ራሱ የጻፈው እንኳ ቢሆን። ስለዚህ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክትዎን በማስታወቂያ ፎረሙ ላይ ከጻፉት በአዲሱ ኮርስ ውስጥ አያገኙትም። በፔጅ (በነጠላ የጽሑፍ ገጽ)፣ በቡክ (በምዕራፍ በተከፋፈለ ጽሑፍ) ወይም በኮርሱ ገጽ ላይ በቀጥታ በሚታይ ጽሑፍ ያስቀምጡት፤ እነዚህ ከኮርሱ ጋር ይሄዳሉ።

ስለ ሊንኩ፦ በአንድ ኮርስ ውስጥ ወዳለ እንቅስቃሴ (አሳይንመንት፣ ኩዊዝ፣ ፎረምና የመሳሰሉት) የሚወስድ ሊንክ ኮርሱ ሲገለበጥ በሙድል በራሱ ይስተካከላል። በእርስዎ ኮርስ ያልተስተካከለው፣ እንደምገምተው፣ መምህሩ የፋይሉን አድራሻ ከብራውዘሩ ላይ ቀድተው በሌላ ገጽ ስለለጠፉት ነው። እንዲህ ያለው አድራሻ ምንጊዜም የመጀመሪያውን ፋይል ነው የሚጠራው። ፋይሉን በዚያው ገጽ ላይ በኤዲተሩ (በሙድል የጽሑፍ ማዘጋጃ ሳጥን) በኩል መጫን ችግሩን ያስቀራል።

አሁን ወደ ቀንና ሰዓት ልምጣ፤ በእኛ አገር ከባዱ ነገር ይህ ነውና። ኮርስ በሚገለበጥበት ጊዜ አዲስ የመጀመሪያ ቀን ከሰጡት፣ ሙድል በአሮጌውና በአዲሱ የመጀመሪያ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት አስልቶ የአሳይንመንቶችንና የኩዊዞችን ቀን ሁሉ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን አብነቱ ሰኞ የሚጀምር ሆኖ አዲሱን ኮርስ ረቡዕ ካስጀመሩት፣ ዓርብ መዘጋት የነበረበት ኩዊዝ ሁሉ እሑድ ይዘጋል። ስለዚህ የአብነቱ መጀመሪያ ሰኞ ይሁን፤ የአዲሱም ኮርስ መጀመሪያ፣ ትምህርቱ በተግባር የሚጀመረው ማክሰኞ እንኳ ቢሆን፣ የዚያው ሳምንት ሰኞ ተብሎ ይመዝገብ። ሙድል በዓላትን ስለማያውቅ ጥምቀትን፣ ትንሣኤንና ኢዶቹን እያዩ ማስተካከል የመምህሩ ድርሻ ነው።

የአብነቱና የአዲሱ ኮርስ መጀመሪያ ሰዓት አንድ እስከሆነ ድረስ፣ የመዝጊያ ሰዓቱ ቀኑ ሲገፋም አይለወጥም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በአብነቱ ላይ በትክክል ከገባ በሁሉም ቅጂዎች ላይ ትክክል ይሆናል። እኛ ሁሉንም መዝጊያ ሰዓት 21፡00 ላይ አስተካክለናል፤ ይህም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በመመሪያው ውስጥ ደግሞ ቀንም ሰዓትም በጽሑፍ እንዳይገባ ወስነናል። ሙድል ራሱ የመዝጊያውን ጊዜ በእንቅስቃሴው ገጽ ላይ ስለሚያሳይ፣ መምህሩ በእጁ የሚጽፈው ሁለተኛ ቀን የስሕተት ምንጭ ከመሆን ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለ አቆጣጠሩ ልዩነት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኮርሱ መግቢያ ላይ፣ «በሙድል ላይ 21፡00 ወይም 9፡00 ፒኤም ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። እርስዎም ይህን ከጨመሩ ያቺ ተማሪ ያጋጠማት ዓይነት ነገር ይቀራል።

ለማባዛቱ፣ ሙድላችሁ ስሪት 3.9 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ «ኮርስ ቅዳ» የሚለው ትእዛዝ ይበቃችኋል፤ ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነ ባክአፕ (የኮርሱን መጠባበቂያ ቅጂ) ወስዶ ሪስቶር ማድረግ፣ ማለትም በአዲሱ ኮርስ መልሶ መጫን፣ ያስፈልጋል። ቅጂው ወዲያውኑ ካልታየ አትደናገጡ፤ ሥራው ተራ ይዞ በክሮን (በሰርቨሩ ላይ ሥራዎችን በየጊዜው በራሱ በሚያስኬድ ፕሮግራም) በኩል ስለሚፈጸም ነው። ከሰዓታት በኋላም ካልመጣ ክሮኑ በሰርቨሩ ላይ እየሠራ ስለመሆኑ አድሚናችሁን ጠይቁ። 14ቱንም ኮርሶች በአንድ ጊዜ ለመክፈት ደግሞ አድሚኑ በሲኤስቪ (እንደ ሠንጠረዥ በተዘጋጀ የጽሑፍ) ፋይል ኮርሶችን ሲጭን የአብነቱን አጭር ስም እንደ ቴምፕሌት መጥቀስ ይችላል።

«14 ቅጂ ሰርቨሩን ይሞላዋል» የሚል ስጋት ካለ፣ ሙድል አንድ ዓይነት ፋይልን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ልንገርዎ። ዲስኩን የሚሞሉት ሳይሰረዙ የሚከማቹ የባክአፕ ፋይሎች ናቸው።

መልስ — የሒሳብ መምህር

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ስለ መጀመሪያው ጥያቄ አንድ ስጋት አለኝና በቅንነት ላቅርበው።

ቀደም ሲል በሠራሁበት ተቋም ቴምፕሌት ተሰጥቶን ነበር። 16 ሳምንት፤ በየሳምንቱ መግቢያ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ንባብ፣ የውይይት ፎረምና ኩዊዝ። ሁሉም መምህር ይህን መሙላት ነበረበት። የሊኒየር አልጀብራ ኮርሴ ውስጥ በየሳምንቱ «ሐሳብዎን ያካፍሉ» የሚል ፎረም ነበረ፤ አንድም ተማሪ አልጻፈበትም፤ ሊጻፍበትም የሚችል ነገር አልነበረም። ማትሪክስ የሚማር ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ልምምድና ለተሳሳተበት እርምጃ የሚሰጥ ፈጣን አስተያየት ነው። እኔም በሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ሳጥኑን ለመሙላት ስል ብቻ ቪዲዮ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት፤ ያን ጊዜ ለማስተማር የነበረኝን ሰዓት ቴምፕሌቱ እንደወሰደብኝ ተሰማኝ።

ይህን የምለው ቴምፕሌት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። አንድ ተማሪ በሴሚስተር 5 ወይም 6 ኮርስ ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አሳይንመንቱ የት እንዳለ፣ ውጤቱ የት እንደሚታይ እንደ አዲስ መፈለግ የለበትም። ይህ አንድ ዓይነት ይሁን። የሳምንቱ ውስጥ አሠራር ግን እንደ ትምህርቱ ጠባይ ይለያይ። የእኔ ምክር በአብነቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት የሳምንት ናሙና እንዲኖር ነው፦ የንባብና የውይይት ሳምንት፣ የልምምድ ሳምንት፣ የላብራቶሪ ወይም የመስክ ሥራ ሳምንት። መምህሩ በኢምፖርት (ከሌላ ኮርስ ይዘት በሚያመጣው ትእዛዝ) አማካይነት የሚፈልገውን ክፍል ብቻ መርጦ ወደ ኮርሱ ማስገባት ይችላል፤ የማይፈልገውን ባዶ ሳጥን እየሰረዘ አይውልም።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ቢጨመር ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ለመምህሩ ብቻ የሚታይ የተማሪ ሥራ ጫና ሠንጠረዥ። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪ ሥራ ጫና የሚለካበት የክሬዲት መለኪያ) ያለው ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው፤ ለ16 ሳምንት ሲከፈል በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ኮርስ ወደ ኦንላይን ሲመጣ የክፍል ውስጥ ሰዓቱ ስለማይታየን ንባብ በንባብ ላይ እንጨምራለን። መምህሩ በየሳምንቱ «ንባብ 3 ሰዓት፣ ልምምድ 4 ሰዓት» እያለ ቁጥር እንዲያስገባ ከተገደደ ጫናው ተማሪው ላይ ከመድረሱ በፊት ለራሱ ይታየዋል።

መልስ — የነርሲንግ መምህርት

በሁለቱም ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ከምዘና ጋር የተያያዘውን ብቻ ልጨምር።

የውጤት መዝገቡ በአብነቱ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በእኛ ትምህርት ክፍል ተከታታይ ምዘና 50 ከመቶ፣ የማጠቃለያ ፈተና 50 ከመቶ ስለሆነ ሁለቱን ምድቦች ከነክብደታቸው አስቀምጠናል። ኮርሱ በሙሉ ሲገለበጥ ይህ አብሮ ይሄዳል፤ ከእንቅስቃሴዎቹ ከፊሉ ብቻ ከተመረጠ ግን የምድቡ አደረጃጀት ተሟልቶ አይመጣም። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ ሙሉውን ቅጂ ይቀበል፣ ከዚያ በኋላ የሳምንት ናሙናዎችን ይምረጥ።

የማረሚያ ሩብሪክ፣ ማለትም በምን መስፈርት ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ ከአሳይንመንቱ ጋር አብሮ ይገለበጣል። እኛ የክሊኒካል ልምምድ ሪፖርት ለማረም ያዘጋጀነው ሩብሪክ አሁን በ4 ኮርሶች ያገለግላል፤ ተማሪውም ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ በምን እንደሚመዘን አስቀድሞ ያውቃል። ከቴምፕሌቱ ሁሉ ብዙ ጥቅም ያገኘንበት ክፍል ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥያቄዎችን ግን በአብነቱ ውስጥ አታስቀምጡ። አብነቱ የኩዊዙን ቅንብር ይያዝ፤ ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚቻል፣ መልሱ መቼ እንደሚታይ፣ ጥያቄዎቹ እንዲቀያየሩ። ጥያቄዎቹ በየኮርሱ በምዕራፍ ተከፋፍለው በጥያቄ ባንክ (በሙድል የጥያቄ ማከማቻ) ውስጥ ይቀመጡ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሙድል 5.0 የጥያቄ ባንክን ራሱን እንደቻለ እንቅስቃሴ ስላደረገው፣ ወደዚያ ስሪት የተሸጋገረ ተቋም የቀድሞ ባንኮቹ የት እንደገቡ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ሁለት አጫጭር ነገሮች። የድሮ ማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ከዩኒኮድ (ፊደላት በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ ከሚያደርገው ደረጃ) በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው፤ ወደ ሙድል ስንለጥፋቸው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ሆነው ይወጣሉ። ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ አብነቱ ላይ እንዳይገቡ። ሌላው፣ ተማሪዎቻችን ኔትወርክ ሲያገኙ በሙድል አፕ አውርደው ማታ ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ፤ ስለዚህ የሰዓት ገደብ ለሌለው የልምምድ ኩዊዝ በአፑ ያለ ኢንተርኔት መሥራት እንዲፈቀድ በአብነቱ ላይ ምልክት አድርጉበት። መምህር በየኮርሱ ይህን አስታውሶ አያደርገውም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብነት ኮርስ ከፍቼ ከሦስት መምህራን ጋር ሠርተንበታል። ሰኞ የሚጀምር ሆኗል፤ መዝጊያ ሰዓቶቹም ሁሉ ተስተካክለዋል። ለሙከራ ገልብጬ ስመለከተው የማስታወቂያ ጽሑፌ እንደተባለው ቀርቶ ስላገኘሁት ወደ ፔጅ አዛውሬዋለሁ። የሥራ ጫና ሠንጠረዡን ሲሞሉ አንዱ መምህር በአራተኛው ሳምንት ላይ 17 ሰዓት አስገብተው እንደነበር ራሳቸው አይተው ሁለት ንባብ ቀንሰዋል።

አንድ ነገር ቀርቶብኛል። 14ቱ ቅጂዎች ከተሰጡ በኋላ በአብነቱ ላይ ስሕተት ባገኝ ወይም የትምህርት ክፍሉ ስለ ዘገየ አሳይንመንት ያለውን ደንብ ቢቀይር፣ አብነቱን ሳርም ቅጂዎቹም አብረው ይታረማሉ?

መልስ — የሙድል አድሚን

አይታረሙም። በሙድል ቅጂው ከተወሰደበት ቅጽበት ጀምሮ ከአብነቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። እንደ ሙድል ኮርስ በኦንላይን በሚሰጥበት ካንቫስ በተባለው መድረክ ብሉፕሪንት የሚባል የኮርስ ዓይነት አለ፤ በእርሱ ላይ የተደረገ ለውጥ ወደ ተያያዙት ኮርሶች ሁሉ ይተላለፋል፤ መምህሩ እንዳይቀይራቸው የሚፈለጉ ክፍሎችንም መቆለፍ ይቻላል። በመደበኛው ሙድል ውስጥ ይህ ስለሌለ እኛ እንዲህ እናደርጋለን።

ቀደም ሲል በአብነቱ ውስጥ ይግባ ያልኩት ደንብም ቢሆን፣ ሊቀየር የሚችል ከሆነ ራሱ በቅጂዎቹ ውስጥ አይጻፍም። ሁሉም ተማሪ ሊያየው በሚችል አንድ የጋራ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ፣ ይቀመጥና በአብነቱ ውስጥ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ ብቻ ይገባል። ደንቡ ሲቀየር አንዱን ገጽ ያርማሉ፤ 14ቱም ኮርሶች አዲሱን ያሳያሉ። የማረሚያ ሩብሪክ ግን እንዲህ አይሆንለትም፤ አንዴ ከተገለበጠ በየኮርሱ ነው የሚታረመው፤ ስለዚህ ሴሚስተር ከተጀመረ በኋላ አይነካ።

በአብነቱ አናት ላይ፣ ለመምህሩ ብቻ በሚታይ ጽሑፍ፣ የስሪት ቁጥርና ወር ይጻፉ፤ «ስሪት 2፣ መስከረም 2018» እንደማለት። ቅጂው ይህን ይዞ ስለሚሄድ፣ ወደፊት አንድ መምህር ችግር ሲነግርዎ ከየትኛው ስሪት እንደተወሰደ ወዲያው ያያሉ። ከዚያው በታች በየስሪቱ ምን እንደተቀየረ አንድ መስመር ይጨምሩ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር መምህሩ ያለፈውን ኮርሱን ከሚገለብጥ አዲሱን አብነት ወስዶ ይዘቱን ከአሮጌው ኮርስ በኢምፖርት ቢያስገባ ይሻላል።

ኮርሶቹን ለተማሪ ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ አንድ እውነተኛ የተማሪ አካውንት ያስከፍቱና በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ሆነው ይግቡ። መምህር ሆኖ ሚናን ወደ ተማሪ መቀየር ሁሉንም ነገር አያሳይም። የመጀመሪያውን ሳምንት እስከ መጨረሻው ይሥሩ፤ አንዱን ኩዊዝ ይፈተኑ፤ አንድ ፋይል ያስገቡ፤ ውጤቱ የት እንደሚታይ ይፈልጉ። ለአንድ ኮርስ ግማሽ ሰዓት አይወስድብዎትም፤ ቢጫ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለም ተማሪው ከማግኘቱ በፊት እርስዎ ያገኙታል።